ጀልባ መበስበስ የሚጀምረው ከጠርዙ ነው

እስቲ ዛሬ አንድ ነገር ሞክሩ። ወጥ ቤት ግቡና ዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን የቁም ሳጥን በር የታችኛውን ጠርዝ በጣታችሁ ዳብሱት። ብዙ ጊዜ የበሩ ፊት ደህና ሆኖ ሳለ ጠርዙ አብጦ፣ ተላልጦ፣ አንዳንዴም ተፈርፍሮ ታገኙታላችሁ። ውሃው ሰፊውን ፊት ትቶ ጠባቧን ጠርዝ መረጠ ማለት ነው። ለምን?

ይህን ጥያቄ በደንብ የሚያውቁት በገዛ ጓሯቸው ጀልባ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ቁም ሳጥን ቢያብጥ ያናድዳል እንጂ ማንንም አያሰጥምም፤ የጀልባ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። ስለዚህ የዛሬው ወጋችን ስለ አንዲት ቀጭን መስመር ነው፦ የጀልባው የላይኛው ወለል፣ ማለትም ዴኩ፣ ከጎኑ ግድግዳ ጋር ስለሚገናኝባት ጠርዝ። ይህችን ጠርዝ አስተካክሎ መጨረስ ድሮ የዓመታት ልምድ ያለው አናጢ ሥራ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ግን ሥራው ከኤሌክትሪክ መሣሪያ ጋር ወደ ተራው ሰው ጋራዥ ገባ። እንዴት ገባ? ሲገባስ ምን ጎደለው? (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጠርዝ ለምን ይጠማል?

እንጨትን እንደ ተጠቀለለ የገለባ እስር አስቡት። ዛፉ በሕይወት ሳለ ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣው በእነዚያ ቀጫጭን ቱቦዎች ነው። እንጨቱን በቁመቱ ብትሰነጥቁት የቱቦዎቹን ጎን ታያላችሁ፤ በአግድም ብትቆርጡት ግን አፋቸውን ትከፍታላችሁ። ውሃ በዚያ በተከፈተ አፍ የሚገባው በጎን በኩል ከሚገባው በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ነው።

አሁን ፕላይውድን እንመልከት፤ አናጢዎቻችን ኮምፔርሳቶ የሚሉትን ማለቴ ነው። ፕላይውድ ማለት ስስ የእንጨት ሉሆች አንዱ በቁመት፣ ቀጣዩ በአግድም እየተደረደሩ በኮላ የተጣበቁበት ሰሌዳ ነው። እንዲህ መደርደሩ ጠንካራ ያደርገዋል፤ እንጨቱ በአንድ አቅጣጫ እንዳይሰነጠቅ ይከላከላል። ዋጋ ግን ያስከፍላል። በየትኛውም በኩል ብትቆርጡት ከሉሆቹ የተወሰኑት አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ። በሌላ አነጋገር የፕላይውድ ጠርዝ ሁሉ የተጠማ ጠርዝ ነው።

ውሃው አንዴ ከገባ በኋላ መውጫ ያጣል፤ ፊትና ጀርባው በቀለም ተሸፍኗላ። እንጨት የሚያበሰብሱት ፈንገሶች ደግሞ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። የእርጥበቱ ክብደት ከደረቁ እንጨት ክብደት 20 በመቶ በታች ከሆነ በተግባር አይበሰብስም። እርጥበቱ ከዚያ በጣም ከፍ ብሎ ሲቆይ ግን ፈንገሱ ሥራውን ይጀምራል፤ ከላይ የተቀባው ቀለም እያንጸባረቀ ውስጡ ያልቃል።

«ታዲያ ጠርዙን ቀለም መቀባት ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ግን እዚህም ላይ ፊዚክስ ጣልቃ ይገባል። እርጥብ ቀለም በገጽ ውጥረት ምክንያት ከሹል ጠርዝ ላይ ወደ ኋላ ይሸሻል። በመሆኑም ቀለሙ በጣም የሚሳሳው በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ነው። መፍትሔው ጠርዙን ማደብዘዝ፣ ትንሽ ክብ ማድረግ ነው። የጀልባ ሠሪዎች ጠርዝ የሚያሞጁት ለውበት ብቻ አይደለም።

ሰሌዳው ሳሳ፣ እጁም አዲስ ሆነ

ከፕላይውድ በፊት በአውሮፓና በአሜሪካ አብዛኛው ጀልባ ከወፍራም ሳንቃ ይሠራ ነበር። በሳንቃዎቹ መካከል ያለው ክፍተት በቃጫና በዝፍት ይደፈናል። ሠሪው ከልጅነቱ ጀምሮ በመጥረቢያ፣ በመሮና በመላጊያ ያደገ ባለሙያ ነው። ወፍራም ሳንቃ ደግሞ ትንሽ ስህተት ይችላል። ሁለት ሚሊ ሜትር አብዝታችሁ ብትልጉት ሰማይ አይደፋም።

ፕላይውድ ለረጅም ጊዜ ለጀልባ የማይታመን ነገር ነበር፤ ምክንያቱም ኮላው ውሃ ሲነካው ይለቅ ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ1930ዎቹ ነው። በ1934 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ አበርዲን ከተማ፣ የሃርበር ፕላይውድ ኩባንያ ኬሚስት ጄምስ ኔቪን ውሃ ፈጽሞ የማይፈታው ማጣበቂያ ሠራ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ፕላይውድ ለውሃም ለአየርም ተፈለገ። በኒው ኦርሊየንስ አንድሩ ሂጊንስ የነደፋቸው፣ ወታደር ወደ ባሕር ዳርቻ የሚያወርዱት ጀልባዎች በአብዛኛው ከፕላይውድ የተሠሩ ነበሩ፤ ከ20,000 በላይ ተመርተዋል። የእንግሊዙ ሞስኪቶ አውሮፕላንም አካሉ እንጨት ነበር።

ጦርነቱ ሲያበቃ ፋብሪካው አለ፣ ኮላው አለ፣ ሰሌዳውም አለ። አንድ የቢሮ ሠራተኛ ሰሌዳ ገዝቶ ቤቱ ጓሮ ጀልባ መሥራት ይችላል ማለት ነው።

አሁን ችግሩን ልብ በሉ። የስድስት ሚሊ ሜትር ፕላይውድ የላይኛው ሉህ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ወፍራሙ ሳንቃ ይታገሰው የነበረውን ስህተት ይህ አይታገስም። እንግዲህ ሰሌዳው በሳሳበት ዘመን የሚሠራው እጅም ያልሠለጠነ እጅ ሆነ። በዚህ መካከል ነው የኤሌክትሪክ መሣሪያ የገባው።

ሽጉጥ የሚመስለው መሣሪያ

በጀርመን ሽቱትጋርት ከተማ የፋይን ኩባንያ በ1895 በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ሠርቶ ነበር። ያ ግን የፋብሪካ ዕቃ ነው። ዛሬ ድሪል ስንል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ቅርፅ የመጣው ከአሜሪካ ባልቲሞር ነው። በ1910 ዱንካን ብላክና አሎንዞ ዴከር የተባሉ ሁለት ወጣቶች አነስተኛ ወርክሾፕ ከፈቱ። በ1917 እንደ ሽጉጥ የሚጨበጥና እንደ ሽጉጥ በቃታ የሚሠራ ድሪል የባለቤትነት መብት አገኙ። ቃታውን ስትስቡ ይዞራል፤ ስትለቁት ይቆማል። ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ማሽኑን ለአንድ ሰው እጅ ያስገዛችው ያቺ ቃታ ናት።

በጦርነቱ ጊዜ በፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች ድሪል እየሰረቁ ወደ ቤታቸው ይወስዱ ነበር ይባላል። ኩባንያውም ከመበሳጨት ይልቅ «ሰው ለቤቱ ይህን ይፈልጋል ማለት ነው» ብሎ አሰበ። በ1946 ለቤት ተጠቃሚ የተሠሩ ርካሽ ድሪሎችን ገበያ ላይ አወጣ።

በዚያው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በኒው ዮርክ ግዛት ሬይ ካርተር የሚባል ሞዴል ሠሪ አናጢ በኤሌክትሪክ ሞተር ዘንግ ላይ ትንሽ ስለት ሰክቶ ጠርዝ የሚያስተካክል የእጅ ማሽን ሠራ። እንደሚነገረው የመጀመሪያዋን ስለት ያወጣው ከፀጉር አስተካካይ የኤሌክትሪክ መላጫ ጥርስ ነው። ሥራውን በ1929 ስታንሊ ኩባንያ ገዛው። ይህ መሣሪያ ነው ዛሬ ራውተር የምንለው። ዋይፋይ የሚሰጠው ራውተር አይደለም፤ የእንጨቱ ነው!

1963፦ ቀይ ሸራ ያለው ጀልባ

ሁሉም ነገር የተገናኘው በእንግሊዝ አገር ነው። ባሪ ባክኔል ቤት እንዴት እንደሚጠገን በቢቢሲ ቴሌቪዥን የሚያሳይ ታዋቂ ሰው ነበር። ጃክ ሆልት ደግሞ ትናንሽ የሸራ ጀልባዎችን የሚነድፍ ባለሙያ። ሁለቱ በዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ድጋፍ 3.3 ሜትር ርዝመት ያላት ጀልባ ነደፉ፤ ስሟም ሚረር ተባለ። በ1963 መጀመሪያ ለንደን በተካሄደው የጀልባ ትርኢት ለሕዝብ ታየች። ዋጋዋ 63 ፓውንድ ከ11 ሺሊንግ ነበር። የሚመጣላችሁ ጀልባ ሳይሆን የተቆራረጠ ፕላይውድ፣ የመዳብ ሽቦ፣ የፋይበርግላስ ጥብጣብና ሬዚን ነው። የቀረውን ራሳችሁ ትሠራላችሁ።

አሠራሩ ልብስ መስፋት ይመስላል። በሰሌዳዎቹ ጠርዝ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ትበሳላችሁ፣ በመዳብ ሽቦ ትሰፏቸዋላችሁ፣ መጋጠሚያውን በሬዚን በተነከረ ጥብጣብ ትሸፍናላችሁ። ይህን ዘዴ ቀደም ሲል ኬን ሊትልዳይክ ለካያክ ተጠቅሞበታል። ጀልባ መስፋት በራሱ ግን በጣም ጥንታዊ ነው። በ1954 በጊዛ ፒራሚድ አጠገብ የተገኘው የንጉሥ ኩፉ ጀልባ 43 ሜትር ርዝመት አለው፤ ሳንቃዎቹ በገመድ የተሰፉ ናቸው፤ ዕድሜው ከ4,500 ዓመት ይበልጣል። አዲሱ ነገር ሬዚኑ ነበር።

ሚረር የታሰበችው ቀላል መሣሪያ ብቻ ላለው ሰው ነው። ለዚህም ነው ከ70,000 በላይ የተሠሩት። ቢሆንም በዚያን ጊዜ በብዙ የእንግሊዝ ቤት አንድ ድሪል ነበር። ድሪሉ ላይ የሚገጠም፣ የብርጭቆ ወረቀት የተለጠፈበት ክብ የላስቲክ ሳህንም ይሸጥ ነበር። እስቲ አስቡት፦ ዴኩን አጣብቃችኋል፤ ጠርዙ በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቷል። በመላጊያ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ድሪሉ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ምን ታደርጋላችሁ?

ድሪሉን ታነሣላችሁ፤ እዚህ ላይ ነው ጉዱ። የሚሽከረከር ሳህን ትንሽ ካዘነበለ እንጨቱን የሚነካው በጠርዙ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ላይ ለአፍታ ከዘገያችሁ የጨረቃ ቅርፅ ያለው ጉድጓድ ይበላል። የላይኛዋን የአንድ ሚሊ ሜትር ሉህ ዘልቆ ኮላው ላይ ይደርሳል። ከዚያ ጉድጓዱን ለማጥፋት ዙሪያውን ታወርዳላችሁ፤ ስታወርዱ ሌላ ጉድጓድ ይወጣል። መላጊያ እንዲህ አያደርግም። ረጅምና ቀጥ ያለ መቀመጫ ስላለው ጉብታውን ብቻ ይልጋል፣ ጉድጓዱን ዘሎ ያልፈዋል። ቀጥታነት የሚገኘው ከመሣሪያው ቅርፅ ነው፤ ፈጣኑ ሳህን ደግሞ ያ ቅርፅ የለውም።

ራውተሩና ያዘነበለው ግድግዳ

ራውተር ይህን ችግር የሚፈታ ይመስላል። ጠርዝ ለመከርከም የሚሆነው ስለት ጫፉ ላይ ትንሽ ኩሽኔታ አለው። ኩሽኔታው የጀልባውን ግድግዳ ተደግፎ ይንከባለላል፤ ስለቱም ከኩሽኔታው ጋር እኩል ሆኖ የተረፈውን ዴክ ይከረክማል። ማሽኑን ዴኩ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን መሄድ ነው፤ በቃ።

እኔም እንዲህ ነበር የመሰለኝ። በትምህርት ቤት ወርክሾፕ ውስጥ ጎኑ ወደ ውጭ ያዘነበለ የፕላይውድ ሞዴል ሠርቼ ጠርዙን በዚህ ስለት ከረከምኩ። ሥራው ሁለት ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። ብናኙን ጠርጌ ሳየው ዴኩ ብቻ ሳይሆን የግድግዳው አናትም አብሮ ተበልቷል። ማሽኑ አልተሳሳተም። የታዘዘውን ፈጽሟል።

ነገሩን በስሌት እንየው። ብዙ ጀልባ ከታች ጠባብ፣ ከላይ ሰፊ ነው፤ ግድግዳው ወደ ውጭ ያዘነብላል። ስለቱ ግን ለዴኩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ኩሽኔታው ግድግዳውን የሚነካው ከመጋጠሚያው 10 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው እንበል። እዚያ ላይ ግድግዳው ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ ስለቱም አብሮት ወደ ውስጥ ይገባል። ግድግዳው 15 ዲግሪ ካዘነበለ ስለቱ ከሚገባው በላይ የሚቆርጠው 10 ሲባዛ በ15 ዲግሪ ታንጀንት፣ ማለትም 2.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የስድስት ሚሊ ሜትር ግድግዳ ግማሹ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም! ግድግዳው በተቃራኒው ወደ ውስጥ ቢያዘነብል ደግሞ ስለቱ ሳይደርስ ትርፍ ይተዋል።

«ታዲያ ማሽኑን በሽብልቅ እናዘንብለው» ብትሉ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ብዙዎች ያደርጉታል። ግን የጀልባ ጎን ከአፍንጫው እስከ ኋላው አንድ ዓይነት ዝንባሌ የለውም፤ እየተለዋወጠ ይሄዳል። አንዱ ሽብልቅ መሐል ላይ ልክ ቢሆን አፍንጫው ላይ ይስታል።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው የጓሮ ጀልባ ሠሪዎች ሥራውን ይከፍሉታል። በመጋዝ ወይም በራውተር የሚበዛውን ያስወግዱና አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ይተዋሉ። የቀረችውን በእጅ መላጊያ እየለኩ፣ ዓይናቸውን ጠርዙ ላይ ዝቅ አድርገው እያዩ ይጨርሷታል። ማሽኑ ድካሙን ይወስዳል፤ ፍርዱ ግን ለሰው ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ራውተሩ እንደገና ይመለሳል፤ አሁን ግን ጠርዙን ክብ በሚያደርግ ስለት። በ1969 ሚሺጋን ውስጥ ቤይ ሲቲ ከተማ የጉጆን ወንድማማቾች ለጀልባ የሚሆን ኢፖክሲ መሸጥ ከጀመሩ ወዲህ እንጨትን በኢፖክሲና በፋይበርግላስ ጨርቅ መሸፈን በቤት ሠሪዎች ዘንድ እየተለመደ መጣ። ጨርቁ በሹል ጠርዝ ላይ አይታጠፍም፤ ተነሥቶ ሥሩ አየር ይቋጥራል። ያቺ የአየር ኪስ ነገ የውሃ ኪስ ናት። ጠርዙ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ የክብ ሬዲየስ ሲኖረው ግን ጨርቁ ተኝቶ ይጣበቃል።

ጣትና ሳንባ

የኤሌክትሪክ መሣሪያ ቤት ሲገባ የፋብሪካው አደጋም አብሮ ገብቷል። 25 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ስለት በደቂቃ 20,000 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰከንድ 26 ሜትር ይሮጣል፤ በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በአውራ ጎዳና ላይ የሚበር መኪና ፍጥነት መዳፋችሁ ሥር አለ ማለት ነው።

አቅጣጫም ወሳኝ ነው። ራውተሩ ከላይ ሲታይ ስለቱ እንደ ሰዓት ዘንግ ይዞራል። የጀልባውን የውጭ ጠርዝ ስትከረክሙ በተቃራኒው፣ ማለትም ከሰዓት ዘንግ ዙረት በግልባጭ መሄድ አለባችሁ። ያን ጊዜ ስለቱ እናንተን ይገፋል፣ እናንተም ትቆጣጠሩታላችሁ። ከስለቱ ጋር በአንድ አቅጣጫ ከሄዳችሁ ግን ስለቱ እንጨቱን እንደ ጎማ ረግጦ ማሽኑን ይዞት ይሮጣል።

ከሁሉም ዝም ብሎ የሚጎዳው ብናኙ ነው። መላጊያ ጥቅልል ፍቅፋቂ ይጥላል፤ እግራችሁ ሥር ይወድቃል፣ ትጠርጉታላችሁ። ፈጣኑ ማሽን ግን አየር ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ብናኝ ያወጣል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1995 የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተርታ መድቦታል። ቀኑን ሙሉ ሰጋቱራ ውስጥ ያለ ጭንብል የሚሠራ አናጢ ሠፈራችሁ ውስጥ ካለ ይህን ንገሩት። የዓይን መከላከያ፣ የአፍንጫ ጭንብልና ብናኙን የሚስብ ማሽን የቅንጦት ዕቃ አይደሉም።

እንግዲህ ወደ ወጥ ቤቱ እንመለስ

ይህ ታሪክ «ማሽን መጣ፣ ባለሙያ ቀረ» የሚል ታሪክ አይደለም። ድሪሉና ራውተሩ ባይኖሩ፣ ኮላውና ሬዚኑ ባይሠሩ ኖሮ ጀልባ የባለጸጋና የባለሙያ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች በገዛ እጃቸው በሠሩት ጀልባ ውሃ ላይ መውጣታቸው ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ማሽኑ የአናጢውን እውቀት አልሻረውም፤ ቦታውን ነው የቀየረው። ድሮ እውቀቱ ክንድ ውስጥ ነበር፤ መላጊያን ቀጥ አድርጎ መግፋት። አሁን መቼ ማሽኑን ማጥፋት እንዳለባችሁ ማወቅ ውስጥ ነው። የመጨረሻዋ ሚሊ ሜትር ዛሬም የምትለጋው በእጅ ነው።

ጀልባ ላይኖራችሁ ይችላል። ያ የቁም ሳጥን በር ግን አለ። ጠርዙ ገና ካልተፈረፈረ መጀመሪያ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ሹሉን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት በእጃችሁ አደብዝዙት፤ ለዚህ ማሽን አያስፈልግም። ከዚያ ጠርዙን ብቻ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ እያደረቃችሁ፣ ቫርኒሽ ወይም የዘይት ቀለም አጠጡት። የመጀመሪያውን ቅብ እንዴት እንደሚመጠው ተመልከቱ፤ የተከፈቱትን አፎች የምታዩት ያኔ ነው።